የቆዩ የድንጋይ ሕንፃዎችና ብርቱ ነፋስ፤ የድሬዳዋ ግንቦች እንዴት ይጠናከራሉ?

ድሬዳዋ የባቡር ሐዲድ ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. በደቻቱ ወንዝ ዳር ወደተዘረጋው ሜዳ ሲደርስ፣ ወደ ሐረር ተራሮች መውጣቱ አዳጋች ስለነበረ ጣቢያው በዚያው ተተከለ፤ በጣቢያው ዙሪያም ከተማ በቀለ። ከዚያ ጊዜ አንሥቶ በከዚራ ከተሠሩት ሕንፃዎች ብዙዎቹ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ሰፊ በረንዳና ባለመዝጊያ መስኮት ያላቸው ናቸው። ከደቻቱ ማዶ በሚገኘው በመጋላም በድንጋይና በኖራ ወይም በድንጋይና በጭቃ የተገነቡ የቆዩ ቤቶችና ሱቆች አሉ።

እነዚህ ሕንፃዎች ለድሬዳዋ ሙቀት የተሰጡ ብልህ መልሶች ናቸው። ወፍራሙ ድንጋይ የቀኑን ሙቀት ወደ ውስጥ ቶሎ አያሳልፍም፤ ሰፊው በረንዳ ግድግዳውን ከፀሐይ ይጋርዳል፤ ከፍ ያለው ጣሪያ የሞቀው አየር ከሰው ራስ በላይ እንዲንሳፈፍ ያደርጋል። ነገር ግን ሙቀትን ያሸነፈ ሕንፃ ነፋስንም ያሸንፋል ማለት አይደለም። ብርቱ አውሎ ነፋስ ቢነሣ ወይም በሌላው ዓለም ብዙ ጥፋት ያደረሰው ቶርኔዶ ቢከሰት እነዚህ ግንቦች ይቆማሉን? «ቆርቆሮው ይሄዳል እንጂ ድንጋዩ የት ይሄዳል!» የሚል መልስ እንሰማ ይሆናል። ይህ መልስ ግማሽ እውነት ነው። በዚህ ጽሑፍ ቀሪውን ግማሽ በቀላል ስሌት እየደገፍን እንመረምራለን።

ከመሬት የሚነሣና ከደመና የሚወርድ ነፋስ

በመጀመሪያ ሁለት ተመሳሳይ የሚመስሉ ክስተቶችን መለየት ይገባል። በድሬዳዋ ዙሪያ ባለው ደረቅ ሜዳ ላይ በቀትር ጊዜ አቧራና ፌስታል እያሽከረከረ የሚሄድ ቀጭን የአየር ዓምድ ማየት የተለመደ ነው። ይህ የአቧራ ሽክርክሪት የሚፈጠረው ሰማዩ ጠርቶ መሬቱ በብርቱ ሲግል ነው። ከመሬቱ ጋር የተገናኘው አየር ሞቆና ቀልሎ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ከጎን የሚተካው አየር እየዞረ ይገባል። ኃይሉ ከመሬት ሙቀት ብቻ የሚመነጭ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይከስማል።

ቶርኔዶ ግን ከታች ወደ ላይ ሳይሆን ከነጎድጓዳማ ደመና ወደ መሬት የሚዘረጋ ሽክርክሪት ነው። ብርታቱን የሚያገኘው በደመናው ውስጥ እርጥበት ወደ ጠብታነት ሲለወጥ ከሚወጣው ሙቀትና ከከፍታ ወደ ከፍታ የነፋሱ ፍጥነትና አቅጣጫ ከመለያየቱ ነው። በስፋት የሚታወቀው በሰሜን አሜሪካ ቢሆንም አፍሪካም ከእርሱ ነፃ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1998 በደቡብ አፍሪካ ኡምታታ ከተማን የመታው ቶርኔዶ ኔልሰን ማንዴላን በአንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ እንዳሉ አግኝቷቸው ነበር። እርሳቸው በጠባቂዎቻቸው ከለላ ሲተርፉ በከተማይቱ የሰው ሕይወት ጠፍቷል።

በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ዓይነት አለ። ከነጎድጓዳማ ደመና በዝናብ የቀዘቀዘና የከበደ አየር በድንገት ወደ መሬት ሲወርድና መሬት መትቶ በሁሉም አቅጣጫ ሲበተን የሚፈጠረው ቁልቁል ነፋስ ነው። የቶርኔዶን ብርታት መለኪያ ያወጡት ጃፓናዊው ሳይንቲስት ቴትሱያ ፉጂታ ይህንንም ክስተት በማጥናት የታወቁ ናቸው። ፉጂታ የፍርስራሽን አወዳደቅ በማንበብ የኃይሉን አቅጣጫ መለየት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1945 አቶሚክ ቦምብ የወደቀበትን ናጋሳኪን ሲመረምሩ ነበር።

ቶርኔዶ በድሬዳዋ የተለመደ ክስተት አይደለም። ከነጎድጓድ ጋር የሚመጣ ድንገተኛ ነፋስ ግን ዝናብ በሚጥልበት ማናቸውም የአገራችን ክፍል ሊከሰት ይችላል። ለግድግዳና ለጣሪያ ደግሞ የነፋሱ ስም ለውጥ አያመጣም፤ ለውጥ የሚያመጣው ፍጥነቱ ነው።

ነፋስ ስንት ኪሎ ይገፋል?

የነፋስ ግፊት የሚሰላው የአየሩን እፍግታ በፍጥነቱ ካሬ አባዝቶ ለሁለት በማካፈል ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝና ሞቃት ከተማ ስለሆነች፣ በዚያ አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚመዝነው በግምት 1 ኪሎ ግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንብ ለነፋስ ስሌት መነሻ ያደረገው ፍጥነት በሴኮንድ 22 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 79 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ፍጥነት የሚነፍስ አየር በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ የሚያሳድረው ግፊት 25 ኪሎ ግራም ከሚመዝን ጭነት ጋር የሚስተካከል ነው።

ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆንስ? በሴኮንድ 44 ሜትር ወይም በሰዓት 158 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ግፊቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። በካሬ ሜትር ወደ 100 ኪሎ ግራም ይደርሳል ማለት ነው። ከዜሮ እስከ አምስት በሚቆጥረውና በተሻሻለው የፉጂታ መለኪያ ይህ ፍጥነት የሚመደበው በደረጃ አንድ ነው። የመጨረሻው ደረጃ አምስት የሚጀምረው በሰዓት ከ322 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ነው።

አሁን ይህን ግፊት ወደ አንድ ሕንፃ እንውሰደው። 10 ሜትር ርዝመትና 8 ሜትር ወርድ ያለው ባለቆርቆሮ ጣሪያ ቤት እናስብ። የጣሪያው ስፋት 80 ካሬ ሜትር ነው። የ0.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቆርቆሮ በካሬ ሜትር ከ4 ኪሎ ግራም አይበልጥም፤ ወራጁን፣ ማገሩንና ኮርኒሱን ጨምረን በካሬ ሜትር 20 ኪሎ ግራም ብንለው ጣሪያው በጠቅላላው 16 ኩንታል ይመዝናል።

ነፋስ በጣሪያ ላይ ሲያልፍ ከላይ የሚፈጥረው ኃይል በአብዛኛው ወደ ታች የሚጫን ሳይሆን ወደ ላይ የሚስብ ነው። በሰዓት 79 ኪሎ ሜትር የሚነፍሰው ነፋስ በካሬ ሜትር 25 ኪሎ ግራም ቢስብ፣ በጠቅላላው 20 ኩንታል ወደ ላይ ያነሣል። ከጣሪያው ክብደት አራት ኩንታል ይበልጣል። በሰዓት 158 ኪሎ ሜትር ሲሆን የሚያነሣው 80 ኩንታል ነው፤ የጣሪያው ክብደት ሲቀነስ 64 ኩንታል ይተርፋል። ይህን ትርፍ የሚይዘው ምንድን ነው? ምስማር ብቻ ከሆነ፣ ጣሪያው የቆመው በዕድል ነው ማለት ይቻላል።

ስሌታችን አማካዩን ብቻ የወሰደ መሆኑንም ልብ ይሏል። በጣሪያ ጠርዝና ማዕዘን ላይ የሚደርሰው ስበት ከመሐሉ በእጅጉ ይበልጣል። ጣሪያ ሲገነጠል ብዙውን ጊዜ ከጥግ የሚጀምረውም ስለዚህ ነው። ለድሬዳዋ ሙቀት መፍትሔ የሆነው ሰፊ በረንዳ እዚህ ላይ ድክመት ይሆናል፤ ነፋሱ የበረንዳውን ጣሪያ ከላይ ሲስበው ከሥር ደግሞ ይገፋዋል።

ጣሪያው ሲነሣ ግድግዳው ምን ይሆናል?

ወደ ድንጋዩ እንመለስ። 50 ሳንቲ ሜትር ውፍረትና 4 ሜትር ቁመት ካለው የድንጋይ ግድግዳ አንድ ሜትር ርዝመት ብንወስድ 46 ኩንታል ያህል ይመዝናል። በሰዓት 79 ኪሎ ሜትር የሚነፍሰው ነፋስ በዚህ ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት በጠቅላላው 1 ኩንታል ነው። ግፊቱ በግድግዳው መካከል ማለትም 2 ሜትር ላይ ስለሚያርፍ፣ የማገላበጥ ኃይሉ 200 ኪሎ ግራም በሜትር ይሆናል። ግድግዳው በክብደቱ የሚቋቋመው ደግሞ 4,600 ኪሎ ግራም በውፍረቱ ግማሽ፣ በ0.25 ሜትር ሲባዛ 1,150 ነው። ግድግዳው ለብቻው ቢቆም እንኳ አምስት እጥፍ ትርፍ አቅም አለው። «ድንጋዩ የት ይሄዳል» ያለው ሰው እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው።

ፍጥነቱ በሰዓት 158 ኪሎ ሜትር ሲሆን ግን የማገላበጥ ኃይሉ ወደ 800 ከፍ ይላል። ከግድግዳው ጀርባ የሚፈጠረው ስበት ሲታከልበት ትርፉ ሊሟጠጥ ጥቂት ይቀረዋል። በ20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት የተሠራ ተመሳሳይ ቁመት ያለው ግድግዳ ደግሞ የሚመዝነው 10 ኩንታል ያህል በመሆኑ በክብደቱ ብቻ የሚቋቋመው 100 ነው፤ በመጀመሪያው ፍጥነት እንኳ ብቻውን መቆም አይችልም። የሚያቆሙት ከጎኑ የሚገናኙት ግድግዳዎችና በራሱ ላይ ያረፈው ጣሪያ ናቸው።

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ጣሪያ ዝናብና ፀሐይ መከላከያ ብቻ አይደለም፤ ትይዩ የቆሙትን ግድግዳዎች ከላይ የሚያያይዝ ክዳን ነው። ካርቶንን ክዳኑን ዘግተን ጎኑን ብንጫን ይጸናል፤ ክዳኑን ቆርጠን ብንጫነው ይታጠፋል። ሕንፃም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2011 በአሜሪካ ጆፕሊን ከተማ ከ150 በላይ ሰዎችን የገደለው ቶርኔዶ ትላልቅ የገበያ አዳራሾችን ያፈረሰው በዚህ ሥርዓት ነበር። በአንደኛው አዳራሽ በመጀመሪያ ጣሪያው ተነሣ፤ ጣሪያው ይደግፋቸው የነበሩት ከባድ የኮንክሪት ግድግዳዎች ከዚያ በኋላ ተከታትለው ወደቁ። እነዚያ ግድግዳዎች ክብደት አላነሳቸውም፤ ያነሳቸው ትስስር ነበር።

በዚህ አጋጣሚ አንድ የቆየ አስተሳሰብ ማረም ያስፈልጋል። በቶርኔዶ ጊዜ የውስጥና የውጭ ግፊት እንዲመጣጠን መስኮት መክፈት ይጠቅማል ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። ምርምር የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። በነፋሱ በኩል ያለ መስኮት ሲከፈት ወይም ሲሰበር አየር ገብቶ ጣሪያውን ከውስጥ ወደ ላይ ይገፋል፤ ከውጭ ያለው ስበት ላይም ይደመራል። ስለዚህ የከዚራ ቤቶች የእንጨት መስኮት መዝጊያዎች ጌጥ ብቻ ሳይሆኑ የሕንፃው መከላከያ አካል ናቸው።

ክብደት ወዳጅም ጠላትም ነው

አንባቢ «ድሬዳዋን ቶርኔዶ ካላዘወተራት ይህ ሁሉ ስሌት ለምን?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። መልሱ ከሌላ አደጋ ጋር ይያያዛል። ከተማይቱ የምትገኘው በስምጥ ሸለቆውና በአፋር ዝቅተኛ ሥፍራ ዳርቻ ነው። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬና የማጀቴ አካባቢ፣ በ1961 ዓ.ም. ደግሞ የአፋሯ ሰርዶ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ብርቱ ጉዳት ደርሶባቸዋል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተከታታይ የደረሰው መንቀጥቀጥም አንዳንዱ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል።

በነፋስ ጊዜ የግድግዳ ክብደት ወዳጅ ነው። በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ግን የሚገፋው ኃይል መጠነ ቁስ በሽምጠጣ ሲባዛ የሚገኘው ስለሆነ ክብደቱ ራሱ ጠላት ይሆናል። መሬት የመሬት ስበት ሽምጠጣን አንድ አሥረኛ በሚያህል ብትንቀሳቀስ፣ 46 ኩንታል የሚመዝነው ግድግዳችን በ4.6 ኩንታል ኃይል ወደ ጎን ይገፋል። ይህ በሰዓት 79 ኪሎ ሜትር ከሚነፍሰው ነፋስ ግፊት ከአራት እጥፍ የሚበልጥ፣ በሰዓት 158 ኪሎ ሜትር ከሚነፍሰው ጋር ደግሞ የሚቀራረብ ነው። ስለዚህ ግድግዳን ከግድግዳ፣ ግድግዳን ከጣሪያ የሚያያይዝ ጥገና ለሁለቱም አደጋዎች ያገለግላል። ብርቱ አውሎ ነፋስ በሕይወት ዘመናችን ላይመጣ ይችላል፤ ለእርሱ ተብሎ የወጣው ወጪ ግን ለመንቀጥቀጡ ይውላል።

አልፎ አልፎ የሚመጣ አደጋ አይመጣም ማለት እንዳልሆነ ድሬዳዋ በጽኑ ታውቃለች። በሐምሌ ወር መጨረሻ 1998 ዓ.ም. አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ የሆነው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎችን ገድሏል።

የቀደምት ግንበኞች ብልሃት

ግንብን ማሰር ለአገራችን እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያንና በላስታው ይምርሐነ ክርስቶስ ግድግዳ ላይ ድንጋዩ በየደረጃው በአግድም እንጨት የተከፋፈለ ነው። ከግድግዳው ውጪ ብቅ ያሉት የአቋራጭ እንጨቶች ጫፎች «የዝንጀሮ ራስ» ይባላሉ። ተመልካች እንደ ጌጥ ሊያያቸው ይችላል፤ ሥራቸው ግን የግድግዳውን የውጭና የውስጥ ገጽ አንቆ መያዝ ነው። ድንጋይ መጨመቅን እጅግ ይችላል፤ መወጠርን ግን አይችልም። እንጨት መወጠርን ይችላል። የአክሱም ዘመን ግንበኞች ሁለቱን ማቀናጀታቸው ዛሬ ብረትን ከኮንክሪት ጋር ከምናቀናጅበት ምክንያት ጋር አንድ ነው።

በተለምዶ በተሠሩ ብዙ የድንጋይ ግድግዳዎች ላይ ይህ ማሰሪያ አይገኝም። ወፍራሙ ግድግዳ ከውጭ ሲታይ አንድ ወጥ ቢመስልም፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ስስ ግድግዳዎች ጎን ለጎን ቆመው መካከላቸው በጠጠርና በቡኬት የተሞላ ነው። ከገጽ እስከ ገጽ የሚያልፍ ማያያዣ ድንጋይ ካልገባበት፣ በንዝረት ጊዜ ሁለቱ ገጾች ተለያይተው ወደ ውጪ ይነፋሉ። ያን ጊዜ ከላይ ያሰላነው የ50 ሳንቲ ሜትር ውፍረት በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ምን ይደረግ?

የሚከተሉት ሥራዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ የተደረደሩ ናቸው።

አንደኛ፣ ሕንፃውን ማወቅ። ከሁሉ በፊት ግድግዳው በቱምቢ ይለካል፤ የዘመመና የተነፋ ቦታ ይመዘገባል። ስንጥቅ ሲገኝ ቀጭን የጄሶ ልጥፍ ተደርጎበት ቀን ይጻፍበታል። ከጥቂት ወራት በኋላ ልጥፉ ከተሰነጠቀ ግድግዳው ገና እየተንቀሳቀሰ ነው፤ ካልተሰነጠቀ ስንጥቁ የድሮ ቁስል ነው። የጣሪያ እንጨት በምስጥና በእርጥበት መበላቱም ይመረመራል፤ የበሰበሰ እንጨት ላይ የታሰረ ብረት ምንም አይይዝምና።

ሁለተኛ፣ ቆርቆሮን ከማገር፣ ማገርን ከወራጅ፣ ወራጅን ከግድግዳ ማሰር። ሰንሰለት የሚበጠሰው ከደካማው ቀለበት ላይ ነው። ቆርቆሮው በብሎን ቢጠብቅም ወራጁ በግድግዳው ላይ እንዲሁ ተቀምጦ ከሆነ ጣሪያው በሙሉ ይነሣል። ወራጁን የሚያቅፍ የገላቫናይዝድ ላሜራ ወይም ብረት ወደ ግድግዳው ውስጥ መውረድ አለበት። እስከ ምን ያህል? በምሳሌያችን በሰዓት 158 ኪሎ ሜትር ነፋስ የተረፈው 64 ኩንታል በሁለቱ የ10 ሜትር ግድግዳዎች ላይ ሲከፋፈል፣ በእያንዳንዱ ሜትር ላይ 320 ኪሎ ግራም ወደ ላይ የሚስብ ኃይል ይደርሳል። 50 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግድግዳ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀቱ የሚመዝነው ይህንኑ ያህል ነው። ማሰሪያው ከላይኛው አንድ ረድፍ ድንጋይ ጋር ብቻ ቢያያዝ ድንጋዩን ይዞ ይነሣል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ ግን እጥፍ አቅም ይኖረዋል። የበረንዳ ቋሚዎችም ከላይ ከጣሪያው፣ ከታች ከመሠረቱ ጋር መያያዝ ይኖርባቸዋል።

ሦስተኛ፣ ብቻውን የቆመን ማስደገፍ። ከጣሪያ በላይ የሚዘልቁ ጌጠኛ ግንቦች፣ በጣሪያው ሁለት ተዳፋቶች መካከል የሚቀሩት ባለሦስት ማዕዘን ግድግዳዎችና ረጃጅም አጥሮች በነፋስም ሆነ በመንቀጥቀጥ ቀድመው ከሚወድቁት መካከል ናቸው። የሚወድቁትም ብዙ ጊዜ በመንገደኛ ላይ ነው። ከጀርባቸው በብረት ድጋፍ ከጣሪያው እንጨት ጋር ማያያዝ በአነስተኛ ወጪ የሰው ሕይወት ያድናል።

አራተኛ፣ ትይዩ ግድግዳዎችን በብረት ዘንግ ማቆራኘት። ዘንጉ በጣሪያው ወይም በወለሉ ከፍታ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያልፋል፤ በሁለቱም ጫፍ ከውጭ በኩል በሰፊ ላሜራና በዳዶ ይጠብቃል። በጣሊያንና በሌሎችም የአውሮፓ አገሮች አሮጌ ሕንፃዎች ላይ ከውጭ የሚታዩት የብረት ሰሌዳዎች የዚህ ሥራ ምልክቶች ናቸው። ለፊዚክስ ተማሪ አንድ ማስታወሻ፦ ብረት በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሲየስ የርዝመቱን 12 ሚሊዮንኛ ያህል ይረዝማል። የ10 ሜትር ዘንግ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲለዋወጥ 2.4 ሚሊ ሜትር ይለጠጣል ወይም ይኮማተራል። ስለዚህ እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ከተማ ዘንጉ በቀትር ሙቀት እጅግ ቢወጠር በሌሊቱ ቅዝቃዜ ግድግዳውን ከሚገባው በላይ ይስበዋል። ብረቱ ከዝገት መጠበቅም አለበት፤ ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ድንጋዩን ከውስጥ ይፈነቅለዋል።

አምስተኛ፣ የግድግዳ ራስ ቢም። ጣሪያው ለጥገና ሙሉ በሙሉ በሚወርድበት ጊዜ፣ በሥራ ቦታ «ቶፕ ታይ ቢም» የሚባለውን ቀበቶ በግድግዳዎቹ ራስ ላይ ዙሪያውን ማሰር ይቻላል። ነገር ግን ከባድ የአርማታ ቢም በደካማ ግንብ ላይ መጫን በመንቀጥቀጥ ጊዜ ተጨማሪ ሸክም ይሆናል። ስለዚህ በቆዩ ሕንፃዎች ላይ ቀለል ያለ የእንጨት ወይም የብረት ቀበቶ የሚመረጥበት ጊዜ አለ። ውሳኔው የመሐንዲስ ስሌት ይጠይቃል።

ኖራ ወይስ ሲሚንቶ?

በጥገና ሥራ ብዙ ጉዳት የሚደርሰው በደግ ሐሳብ ነው። ድሬዳዋ የሲሚንቶ ፋብሪካ ያገኘችው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ግንቦች ድንጋዩን የሚያያይዘው በአብዛኛው ኖራ ወይም ጭቃ ነበር። ኖራ የሚገኘው የኖራ ድንጋይን፣ ማለትም ካልሲየም ካርቦኔትን፣ ወደ 900 ዲግሪ ሴልሲየስ በሚደርስ ሙቀት በማቃጠል ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፤ የቀረው በውኃ ይጠፋል፤ በግድግዳው ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድን ቀስ በቀስ እየሳበ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል።

የኖራ ቡኬት ከሲሚንቶ ቡኬት የለሰለሰ ነው። ልስላሴው ግን ጉድለት አይደለም። ግድግዳው በሙቀትና በመሬት መስጠም ጥቂት ሲንቀሳቀስ ቡኬቱ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ቢሰነጠቅም የሚሰነጠቀው በመገጣጠሚያው ላይ ስለሆነ በቀላሉ ይጠገናል። እርጥበትም በእርሱ በኩል ተንኖ ይወጣል። የዚህ ዓይነቱ ግንብ በጠንካራ ሲሚንቶ ሲለሰን ወይም መገጣጠሚያው በሲሚንቶ ሲሞላ፣ እርጥበቱ መውጫ ያጣል። በድንጋዩ በኩል ለመውጣት ሲሞክርም የተሸከመው ጨው በድንጋዩ ውስጥ ይረጋና ገጹን ያፈራርሰዋል። ከውጭ የታደሰ የሚመስለው ግድግዳ በውስጡ ይደክማል። የደከመ ግድግዳ ደግሞ ከላይ የዘረዘርናቸውን ማሰሪያዎች መያዝ አይችልም። ስለዚህ ያረጀው ቡኬት ተጠርጎ በኖራ እንደገና መሞላቱ የማጠናከሩ ሥራ መሠረት ነው።

የጥገና ወሰን

ሳይንስ ተስፋን ብቻ ሳይሆን ወሰንንም መናገር አለበት። ደረጃ አራትና አምስት የሆነ ቶርኔዶን ያለ ጉዳት የሚያሳልፍ አሮጌ የድንጋይ ሕንፃ አይገኝም። በዚያ ጊዜ ግቡ ሕንፃን ከማዳን ወደ ሰውን ማዳን ይዞራል። ከመስኮት የራቀ፣ በሕንፃው መካከል የሚገኝ፣ በብረትና በአርማታ የተጠናከረ አንዲት ትንሽ ክፍል ማዘጋጀት በዓለም የተለመደው መፍትሔ ነው። የቀደሙት እርምጃዎች ዓላማ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚደርሰውን መካከለኛ አደጋ ወደ ፍርስራሽ እንዳይለወጥ ማድረግ ነው። የተሰነጠቀ ግድግዳ ይጠገናል፤ የወደቀ ግድግዳ ግን ከሥሩ ሰው አለው።

ሌላው ወሰን ሕግ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በቅርስ ላይ የሚደረግ ጥገና በፈቃድ እንዲሆን ደንግጓል። ይህ ለሥራ እንቅፋት መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ሊቀለበስ የማይችል ጥገና ሕንፃውን እንዳያጠፋው የሚጠብቅ ነው። የብረት ዘንግና ላሜራ ወደፊት የተሻለ ሲገኝ ሊወጡ ይችላሉ፤ በግድግዳ ውስጥ የፈሰሰ አርማታ ግን አይወጣም።

ማጠቃለያ

ከላይ ያየነው ሁሉ በአንድ ሐሳብ ይጠቃለላል። የቆየ ግንብ የሚፈርሰው ድንጋዩ ስለደከመ ሳይሆን ክፍሎቹ ስላልተያያዙ ነው። ጣሪያው በግድግዳው ላይ፣ ግድግዳውም በግድግዳው ጎን እንዲሁ ተቀምጠው ከሆነ፣ እያንዳንዱ ኃይልን ለብቻው ይጋፈጣል። ከተያያዙ ግን ጣሪያውን የሚያነሣው ነፋስ ግድግዳውንና መሠረቱን ጭምር ማንሣት ይኖርበታል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ብሂል ለግንብም ይሠራል።

በአሁኑ ጊዜ በአሮጌ ቤቶች ላይ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ማፍረስ፣ ወይ ገጹን በሲሚንቶና በቀለም መሸፈን። ሦስተኛ መንገድ እንዳለ ለማሳየት ሞክረናል። መንገዱ የሚጀምረው ደግሞ በቱምቢ፣ በሜትርና በማስታወሻ ደብተር ነው። የምሕንድስናና የፊዚክስ ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር ሆነው፣ የባለቤቶቹን ፈቃድ በማግኘት፣ በከዚራም ሆነ በመጋላ አንድ አሮጌ ቤት መርጠው የግድግዳውን ውፍረት፣ የጣሪያውን አተሳሰርና የቡኬቱን ዓይነት ቢመዘግቡ ለከተማይቱ ታላቅ አገልግሎት ይሰጣሉ። ነፋሱ የሚመጣበትን ቀን ማወቅ አይቻልም፤ ጣሪያው በምን እንደታሰረ ግን መሰላል አቁሞ ማየት ይቻላል።